የፊተኛው ኮርቻ

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ደብተር አለኝ። አንዱ የባሌ የኤርቬ ነው፤ ብስክሌት በነዳ ቁጥር መንገዱን፣ ርቀቱን፣ ነፋሱንና የበላውን የሚመዘግብበት። ሠላሳ ሰባተኛው ደብተር ነው። ከጃንዋሪ ወዲህ ዓይኑ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሌላ ስለማይሠራ ጽሕፈቱ በእኔ ላይ ወደቀ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነብለታለሁ። አንዲት ቃል ከጨመርኩ "እንዲህ አላልኩም" ይለኛል። ሁለተኛው ደብተር ይሄ ነው። ይሄን አንብቢልኝ የሚለኝ የለም።

በእሱ ደብተር ዛሬ የሰፈረው፦ "ከቤት እስከ ግድቡ ደርሶ መልስ። 19 ኪሎ ሜትር። የሰሜን ነፋስ። ታንደም፣ የመጀመሪያ ቀን። ጊሌን ከፊት።"

እዚህ የምጽፈው ደግሞ፦ ሁለት ጊዜ ልንወድቅ ነበር። ጊሌን እኔ ነኝ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሾርባ እያሞቅኩ ይህን ሰውዬ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ብስክሌት ወድጄ አላውቅም። አሁንም አልወደድኩም። ግን ሐኪሙ ሌላ የሚሞከር ነገር የለም ካለው ቀን ጀምሮ ኤርቬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር አመጣ። ሳምንቱን እንደዚያ፣ ወሩን እንደዚያ። በመጨረሻ የብስክሌት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ማዳም ኮሌት ዘንድ ሄጄ፣ መጋዘናቸው ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠውን ታንደም የሚሉትን ለሁለት ሰው የተሠራ ብስክሌት ተዋስኩ።

"ከፊት የተቀመጠ ያያል፣ ይመራል፣ ፍሬን ይይዛል። ከኋላ ያለው ይረግጣል፣ ያምናል" አሉኝ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቀልድ አያውቁም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ክንዴ፣ ትከሻዬ፣ መቀመጫዬ። ፋርማሲው ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ እንደ እንጨት ደርቄ ቆሜ ዋልኩ። "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ "ባሌ ብስክሌት ያስነዳኛል" እላለሁ። ሁሉም ይስቃል። እኔም።

መታጠፊያ ላይ ዘግይቼ ነው የምናገረው። ኤርቬ፦ "ከታጠፍን በኋላ ባትነግሪኝም ደርሼበታለሁ።"

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ዛሬ አስተማረኝ። የማያይ ሰው የሚያይን መንዳት ሲያስተምር፣ ጉድ ነው። "ጉድጓድ ካለ ጉድጓድ በይ። ጠጠር ካለ ጠጠር። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሪ፣ ከጀመረ በኋላ ካቴናው ይጮህብሻል። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ሆዴ ይዘጋጅ።"

ጥቂት እንደሄድን፣

"ምን ይታያል?" አለኝ።

"መንገድ።"

"እሱንማ እየረገጥኩት ነው። ሌላስ?"

"ላሞች።"

"ስንት?"

ቆጠርኩ። "አሥራ አንድ። ነጫጭ። አንዷ አንገቷን አጥሩ ላይ ታካለች። አንድ ጥጃ ጭቃ ላይ ተኝቶ ጆሮውን ብቻ ያንቀሳቅሳል።"

ወደ ኋላ ዞሬ ፊቱን ማየት አልችልም፣ ከዞርኩ ቦይ ውስጥ ነን። ግን ፔዳሉ ቀለለኝ። እየሳቀ ነበር መሰለኝ። ከዚያ እስከ ቤት አፌ አልተዘጋም። የዳቦ ቤቱ መስኮት ሰማያዊ ተቀብቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል፤ ያ ቀበሮ ነው፤ አይ ድመት ነው፤ አይደለም፣ ቀበሮ ነው! እንደ ልጅ ለፈለፍኩ። ሾርባውን ዛሬ ማንም አላሞቀውም፣ ቀዝቃዛውን በላን።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ታናሽ ወንድሜ ሬሚ ለምሳ መጣ። የበግ እግር ጠበስኩ። ኤርቬ ደስ ብሎት ብዙ አወራ፤ ከገና ወዲህ እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁትም።

"እህትህን አታውቃትም፣ ሬሚ! ጉልበቷ ትንሽ ጠንከር ይበል እንጂ የኦኮቹን ዳገት አስወጣታለሁ።"

የኦኮቹ ዳገት የሚለው ከሐይቁ ተነሥቶ በአባቴ ዱር መካከል የሚወጣውን መንገድ ነው። ዱሩን አባቴ ለእኔና ለሬሚ ነው የተወልን። ከአያቴ ዘመን በፊት የበቀሉ የኦክ ዛፎች ግራና ቀኝ ቆመው ቅርንጫፎቻቸው ከመንገዱ በላይ ይያያዛሉ፤ በኦገስት ሐሩር እንኳ እዚያ ሲገቡ ክንድ ይቀዘቅዛል። ኤርቬ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ በየሳምንቱ ይወጣው ነበር። ከዓመታት በፊት እዚሁ ገበታ ላይ ለሬሚ "እኔ ፔዳል እየረገጥኩ ሳለሁ እነዚያ ዛፎች አይነኩም" ብሎት ነበር፤ በቀልድ፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሬሚ ሳህኑን እያየ ድንቹን ቆረጠ። የቆረጠውን እንደገና ቆረጠ።

ስለ ሬሚ ጉዳይ ዛሬ አልጽፍም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

31 ኪሎ ሜትር! በፓኔሲየር ሐይቅ ዳር ዳር፣ አንድም መኪና ሳያጋጥመን። ጉም ውኃው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ ግራጫ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ አየሁ። ነገርኩት። "ምን ይሠራል?" "ምንም። እንደ አንተ ዓሣ ይጠብቃል።" "እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም።" "እሱም ዛሬ አልቀናውም።" ኤርቬ በበኩሉ እኔ የማልሰማውን ይነግረኛል፤ ኩኩ የምትለዋ ወፍ ከየት እንደምትጮህ፣ ጎማው ከኋላ ትንሽ እንደተነፈሰ። ትክክል ነበር፣ ተንፍሷል። ግድቡ ላይ ቆመን ነፋነው። ዳቦ በአሳማ ሥጋ በላን።

ደስ አይልም ብል ውሸት ነው። የአየሩ ነገር ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 5

ከሰዓት በኋላ ኤርቬ መስኮቱን ከፍቶ ቆሞ ነበር።

"ማሽን ይሰማኛል። እንጨት የሚቆርጥ።"

"ጥድ ነው፤ ማዶ።" ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

"በየት በኩል ማዶ?"

"ከሐይቁ ማዶ።"

"ነፋሱ ከዚያ አይደለም የሚመጣው" አለ። መስኮቱን ዘጋ።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

በዓል ነው፤ ፋርማሲው ዝግ። ኤርቬ ሳሎን ሬዲዮ ይሰማል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጃንዋሪ ውስጥ ነው። ዲዦን፣ ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ። ኤርቬ ለመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ገብቶ ነበር። ሬሚ ወረቀት ይዞ መጣ። ኦኮቹ በድርቁ ምክንያት ከጫፋቸው እየደረቁ ነው አለ። አሁን ካልተሸጡ ነገ ለማገዶ ብቻ ነው የሚሆኑት አለ። ገዢው ከዓርብ በላይ አይጠብቅም አለ። የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። ከሦስቱ ስንቱ እውነት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሐኪሙ ወጥቶ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ በሩን ነበር የማየው። "እባክሽ ጊሌን፣ እዚህ ጋ" አለኝ። ፈረምኩ። እስክሪብቶው የእሱ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ወጣ።

ደክሞኝ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። ፈርሜ እስክሪብቶውን ስመልስ አንድ ሐሳብ በልቤ አለፈ፦ ከእንግዲህ ምን ቸገረው፣ አያየው።

ጽፌ አየሁት። ጽፌው ሲወጣ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 11

"ዛሬ የኦኮቹን ዳገት እንሞክረው?"

"መንገዱ እየታደሰ ነው።"

"አስፋልት?"

"አስፋልት።"

"አስፋልት ሲቀልጥ እዚህ ድረስ ይሸታል።"

"ገና አልጀመሩም።"

አንድ ውሸት ሌላ ይወልዳል ይባላል። የእኔ መንታ ነው የሚወልደው።

እሑድ፣ ሜይ 18

ዛሬ ያደረግኩትን እዚህም ብጽፈው ያሳፍረኛል።

በሐይቁ ምዕራብ በኩል የከሰል ሠሪዎቹ መንገድ የሚባል አለ። ዳገት ነው፣ ግራና ቀኙ ድፍን ጥድ ነው፣ ጥላ አለው። ኤርቬ የሚለየው ጥላን ከብርሃን ብቻ ነው። ጥላ ጥላ ነው አልኩ። ከመንደሩ ስንወጣ "ሰንሰለቱን የፈታ ውሻ አለ" ብዬ አንድ ዙር ዞርኩ፣ አቅጣጫው እንዲጠፋው። ከዚያ "መንገዱ ተከፍቷል፤ ወደ ኦኮቹ ነን" አልኩት።

ስንወጣ "እንዴት ናቸው?" አለኝ።

ከልጅነቴ የማውቃቸውን አንድ በአንድ ነገርኩት። እኔና ሬሚ የምንደበቅበትን ሆዱ ባዶ ዛፍ፣ መብረቅ ለሁለት ሰንጥቆት በሁለቱም በኩል የሚለመልመውን፣ አባቴ ምሳውን የሚያንጠለጥልበትን ቅርንጫፍ። አሳምሬ ነገርኩት። ዓይኔን ብጨፍን እኔም ባየኋቸው ነበር።

ላይ ስንደርስ "መልካም መንገድ ነው። አመሰግናለሁ" አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ኖረን በዚያ ድምፅ አመሰግናለሁ ሲለኝ አልሰማሁም።

ለደብተሩ ያስጻፈኝ ይሄን ነው፦ "24 ኪሎ ሜትር። ዳገት። ጥላ።"

"የኦኮቹ ዳገት ብዬ ልጻፍ?"

"እንደ ፈለግሽ ጻፊ።"

ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ፋርማሲ። መጋዘን ገብቼ ካርቶን ስከፍት ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘው ያወራሉ። ድምፃቸውን አውቃለሁ፣ ስማቸውን አልጽፍም።

"የአባቷን ዱር ሙልጭ አድርጋ አስጨፈጨፈችው እኮ።"

"ባሏስ?"

"ምን ባል አለ፣ አያይ! ምን ቸገራት።"

ወጣሁ። "ቀጣይ" አልኩ። የሳል ሽሮፕ ሰጠኋት፣ በቀን ሦስት ጊዜ አልኳት። ክፉ ሴት ናት ልል ፈልጌ ነበር። ግን "ምን ቸገራት" ያለችው ከእኔ የተሰረቀ ነው የሚመስለው።

እሑድ፣ ጁን 1

46 ኪሎ ሜትር። ሙቀት። ወደ ሾምሶን ሐይቅ ወርደን ዋኘን፤ እሱ በድምፄ አቅጣጫ ይዋኛል፤ "እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ" ስል አንዲት ሕፃን ልጅ ከዳር ሆና "እኔም እዚህ ነኝ!" ብላ ጮኸች፤ ወደሷ ሄደ። እናቷ በሳቅ ሞተች። ስንመለስ ከመንገድ ዳር የተንጠለጠለ ቼሪ ቀጠፍን፤ ቆሜ ፔዳሉ ላይ ስንጠራራ እሱ ብስክሌቱን ይዞ "ሌባ! ሌባ!" ይላል ቀስ ብሎ።

ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ወረድኩ ማለት ይቻላል። ኤርቬ ከኋላ፦ "ጊሌን፣ እኔ አላይም እንጂ እሰማለሁ፤ ነፋሱ በጣም ይጮሃል።" ያዝኩ። ትንሽ።

ከጉልበቴ በላይ የወጣውን ጡንቻ ለራሴ በመስተዋት አየሁት። ይሄ ለማንም አይነገርም።

ሰኞ፣ ጁን 9

የማኅበሩ ዓመታዊ ጉዞ ጁን 29 ነው። የሐይቁ ዙሪያ፣ 54 ኪሎ ሜትር፣ ከአጋማሹ በኋላ የኦኮቹ ዳገት። ኤርቬ አስመዝግቦናል። ሳይነግረኝ።

ማዳም ኮሌት ዘንድ ሄድኩ። አትክልታቸውን ይኮተኩታሉ።

"ማዳም ኮሌት፣ የዘንድሮውን መንገድ ትንሽ መቀየር አይቻልም? ኦኮቹን ትቶ በታች በኩል..."

ቀና አሉ። "ያን መንገድ የቀየሰው የአንቺው ባል ነው። አርባ ዓመት ሆነው። ይቀየር ካልሽ ሄደሽ እሱን ጠይቂ።"

"እሱንማ..."

"አልነገርሽውም?"

ማዳም ኮሌት ወደ ኩትኳቷቸው ተመለሱ። "ሃያ ሁለት ሰው ነው የሚወጣው" አሉ መሬቱን እያዩ። "ከሃያ ሁለት ሰው አንዱ አፍ አያጣም። ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል።"

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ሰሞኑን ኤርቬ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። ጉልበትሽን ያምሻል? ልብሽስ እንዴት ነው? ሌሊት ትተኛለሽ? ጨዋ ሆኗል፤ አልለመድኩበትም። ዛሬ ቁርስ ላይ፣

"ለጉዞው አጭሩን መንገድ እንሂድ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት የለውም። ማንም አይታዘበንም።"

አጭሩ መንገድ በኦኮቹ በኩል አያልፍም። እግዚአብሔር ራሱ በሩን ከፍቶ "ውጪ" ያለኝ ያህል ነው። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ለምንድን ነው አጭሩ? እኔ ምን አነሰኝ? ረጅሙን ነው የምንሄደው።"

ምን ነካኝ? ቀኑን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ልነግረው ነበር። ሁለት ጊዜ "ኤርቬ" አልኩ። አንዴ "ምን?" ሲለኝ "ጨው አቀብለኝ" አልኩ። አንዴ "ምን?" ሲለኝ "ምንም" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ጁን 29

ሃያ ሁለት ሰው ከግድቡ ተነሣን። የመጀመሪያው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ደስ የሚል ነበር። እንዲያውም ረስቼው ነበር፤ ይሄ ነው የበለጠ የሚያሳፍረኝ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ዳገቱ ጀመረ። ሌሎቹ ቀደሙን።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ጥላ አለው፤ የጎረቤት ዱር ነው። ሁለተኛው ላይ ፀሐይ ፊታችን ላይ ወደቀች። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እዚያ ቦታ ፀሐይ መትታኝ አታውቅም። ኤርቬ ራሱን ቀና ሲያደርግ መሪው ላይ ተሰማኝ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣

"ኤርቬ" አልኩ። "ዱሩ የለም። የአባቴ ዱር። ተቆርጧል።"

ሁለት ዙር ረገጥን።

"በጃንዋሪ ተሸጠ። አንተ ሆስፒታል ሳለህ። ሬሚ ወረቀት አመጣ። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ሰማኸኝ? እኔ ነኝ።"

ያን ጊዜ ብስክሌቱ ከበደ። ድንጋይ የጫኑበት ያህል ከበደ። እግሮቹ ከፔዳሉ ጋር ይዞራሉ፤ ግድ ነው፣ ካቴና አያይዞናል። ግን አይረግጥም። ሸክሙ ሁሉ ወደ እኔ መጣ።

ወርደን ልንገፋው እንችል ነበር። አልወረድኩም። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገባሁና ረገጥኩ። ግራና ቀኝ ጉቶ፣ የተሰባበረ ቅርንጫፍ፣ የማሽን ጎማ የፈነቀለው ጭቃ ደርቆ። "ግራ" አልኩ። "ጠጠር።" "ጉድጓድ።" ላብ ይሁን እንባ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ እጄን ለቅቄ መጥረግ አልቻልኩም። ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ መንገዱ ትንሽ ወርዶ አሳረፈኝ፤ ይህን አላስታውስም ነበር። ከዚያ እንደገና ወጣ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል። ሁለት ሰው ሆነን ጀምረን ብቻዬን ጨረስኩት።

ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። ሥጋ ሻጩ ትዬሪ፣ ከማኅበሩ ሁሉ ፈጣኑ፣ እጁን አጨበጨበ። "ማዳም ጊሌን፣ እንደ በሬ ነው የወጡት!" ኤርቬ ወርዶ የማዳም ኮሌትን ክንድ ያዘ። ቋሊማ በላ። "ጥሩ ቋሊማ ነው፣ ትዬሪ" አለ። ለእኔ ምንም አላለም። በመልሱ ሃያ ኪሎ ሜትር ረገጠ፣ ግን አልተናገረም። እኔ ብቻ፦ ቀኝ። ቁልቁለት። መኪና ከኋላ።

ለደብተሩ ያስጻፈኝ፦ "54 ኪሎ ሜትር። ፀሐይ።"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

ሁለት ቀን ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነበር። ዛሬ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠ።

"ስለ ዛፍ አይደለም" አለኝ። "ዛፍ ይቆረጣል። የአንቺና የወንድምሽ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የፈረመ ሰው ላይ አልፈርድም። ግን ዓይኔን አደራ ሰጥቼሽ ነበር፣ ጊሌን። ላም ስትይኝ ላም አያለሁ። ዛፍ ስትይኝ ዛፍ አያለሁ። አሁን የትኛው ነበረ፣ የትኛው አልነበረም? በምን ልወቅ?"

ላሞቹ ሁሉ ነበሩ ልለው ፈለግኩ።

"ያን ቀን የወሰድሽኝ በከሰል ሠሪዎቹ መንገድ ነው" አለ። "የኦኮቹ ዳገት ከሦስተኛው መታጠፊያ በኋላ ትንሽ ይወርዳል፣ እግር ያርፋል። ያኛው አንዴም አልወረደም። አርባ ዓመት የወጣሁትን መንገድ እግሬ አያውቀውም ብለሽ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አቅቷት ነው ብዬ።"

"ምን?"

"ዳገቱ ከብዷት፣ ከበደኝ ማለት አፍራ፣ ቀላሉን መርጣ ነው ብዬ። አዘንኩልሽ። አጭሩን መንገድ እንሂድ ያልኩሽም ለዚያ ነው።"

"እኔ?" አልኩ። "እኔን ነው ያቃተኝ? የከሰል ሠሪዎቹ መንገድ ቀላል ነው ያለህ ማነው? ከላይኛው መታጠፊያ በኋላ ከኦኮቹ ይብሳል! ያንንም ቢሆን ማርሽ ተርፎኝ ነው የወጣሁት! እሑድ ደግሞ አንተን እንደ ጆንያ ድንች ከኋላ ጭኜ..."

ቆሜ ነበር፣ ጭልፋ ይዤ። ኤርቬ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። "ጆንያ ድንች" ይላል፣ ይስቃል፤ "ጆንያ ድንች" ይላል፣ ናፕኪኑን ዓይኑ ላይ ያደርጋል። በመጨረሻ ሳቁ የቱ ጋ እንዳለቀ፣ ልቅሶው የቱ ጋ እንደ ጀመረ መለየት አልቻልኩም። ሄጄ ራሱን ሆዴ ላይ ያዝኩት። ጭልፋውን አላስቀመጥኩም።

"ገና ተናድጃለሁ" አለኝ ከሆዴ ውስጥ።

"እኔም።"

"አንቺ በምን?"

"አቅቷት ነው ብለህ።"

ከዚያ ደብተሩን አስመጣኝ። ሜይ 18ን አስወጣኝ፣ "የኦኮቹ" የሚለውን አሰረዘኝ፣ "የከሰል ሠሪዎቹ" አስጻፈኝ። "አሁን አንብቢ።" አነበብኩ። "አሁን ልክ ነው" አለ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ሬሚ ደወለ። ኤርቬ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"ሬሚ፣ ነገ ለምሳ ና። መኪናህን ግን ሐይቁ ዳር አቁመህ በእግርህ ውጣ፣ በዚያ በዱራችሁ በኩል። በስድስት ሰዓት። ኮፍያ ይዘህ እንዳትመጣ።"

ዘጋው። "ጥላው ስንት እንደሚያወጣ ይወቅ" አለ።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ሬሚ መጣ። አንገቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በር ላይ ቆሞ "ኤርቬ፣ እኔ..." ሲል ኤርቬ "መጀመሪያ ውኃ ጠጣ" አለው። አንድ ማሰሮ ጨረሰ። ከዚያ ገበታ ላይ ሬሚ እውነቱን ነገረን፤ ዛፎቹ ሁሉም አልታመሙም ነበር። ግማሹ ያህል። ገዢው ቸኩሎ ነበር፣ እሱም ቸኩሎ ነበር። ለእኔም ይህ አዲስ ነው። የሆነ ነገር ልናገር ስል ኤርቬ በጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጎ አገኘው።

እሑድ፣ ጁላይ 6

"ውሰጂኝ" አለ። "ለመንዳት አይደለም። ለማየት።"

ብቻችንን ወጣን፣ ቀስ ብለን፣ ሁለታችንም እየረገጥን። ከመሃል ብስክሌቱን ቦይ ውስጥ አስተኝተን ወደ ጉቶዎቹ ገባን። ክንዴን ያዘ። አንዱ ጉቶ ጋ ተንበረከከና በእጁ ዳሰሰው፤ ጠርዙን ዞረው፣ መሃሉን ፈለገ፣ የእድሜውን ቀለበት በጥፍሩ እየተከተለ ከመሃል ወደ ውጭ ሄደ። "ስንት ነው?" አልኩት። "ጠፋኝ። ከመቶ ሠላሳ በላይ ነው።" እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ። ሰጋቱራ ነበረው።

"አሁን ንገሪኝ" አለ። "ሳታሳምሪ።"

ነገርኩት። ጉቶ፣ ብዙ። የቅርንጫፍ ክምር ግራጫ ሆኖ። እሾህ በየቦታው እየወጣ ነው። በጉቶዎቹ መሃል ረጃጅም ሐምራዊ አበቦች በቅለዋል፣ እንደ ደወል የተንጠለጠሉ፤ ዱሩ ሳለ አልነበሩም። አምስት ኦኮች ቆመዋል፣ ዘር እንዲጥሉ የተተዉ፤ ብቻቸውን ሲቆሙ ቀጫጭን ናቸው፣ ያሳዝናሉ። ከዚያ ቀና ብዬ ማዶ ሳይ ክንዱን ጨበጥኩ።

"ምንድን ነው?"

"ሐይቁ ይታያል።"

"ከዚህ?"

"ከዚህ። ሙሉው። እስከ ግድቡ። በሕይወቴ ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም።"

"እኔም" አለ ኤርቬ። "የት ነው? አዙሪኝ።"

ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩት። ነፋሱ ከውኃው በኩል ይመጣ ነበር።

"ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው?"

"ሰማያዊ አይደለም። ዛሬ ግራጫ ነው። ውኃውም ጎድሏል፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ይታያል። አንድ ጀልባ አለ፣ አይንቀሳቀስም።"

ረጅም ጊዜ ቆመ፣ ፊቱ በእጄ ውስጥ እያለ። "ጥሩ" አለ። "ጥሩ ነው።"

እሑድ፣ ጁላይ 13

ጠዋት ትዬሪ መጣ፣ በብስክሌት ልብሱ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቋሊማ ይዞ። በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማዳም ጊሌን፣ ያን ቀን ዳገቱ ላይ አየሁዎት። ብቻዎን ነበር የሚጎትቱት። ይሄ ነገር ለእርስዎ ከባድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሑድ እሑድ እኔ ከፊት ልሁን፣ ኤርቬን እኔ ልውሰደው። እርስዎ ይረፉ፤ ሠርተዋል።"

ከልቡ ነው። በኤፕሪል ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ጉንጩን እስመው ነበር።

ጫማዬን አሥሬ ነበር። ሄልሜቴ እጄ ላይ ነበር። ኤርቬ ከኋላዬ ግቢው ውስጥ ታንደሙን ይዞ ቆሟል።

"ትዬሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ" አልኩት። "ግን የፊተኛው ኮርቻ ለእኔ ቁመት ታሥሮ ዝጓል። አይፈታም። ብዙ ሞክረናል።"

ኮርቻው በአንድ ትንሽ ቁልፍ ነው የሚፈታው። ሐሙስ ዕለት ኤርቬ ራሱ ፈትቶ ግራሶ ቀብቶታል።

ትዬሪ ወደ ብስክሌቱ አየ። ከዚያ ወደ ኤርቬ።

ኤርቬ እጁን ኮርቻው ላይ አደረገ፤ ለመንቀል እንደሚታገል ሁለት ጊዜ ወዘወዘው።

"እውነቷን ነው" አለ። "ዝጓል።"